ወፍራም የብረት ቱቦ በምን ይቆረጥ? የሥጋ ማጨሻ ለሚሠሩ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች

ስሞከር የሚሉትን፣ ሥጋ በእሳት ሙቀትና በጭስ ቀስ ብሎ የሚበስልበትን የብረት ማጨሻ እቤቱ ሊሠራ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው በቱቦው ነው። ቱቦው ግን ይገኛል። ከውሃ መስመር ወይም ከግንባታ የተረፈ ቁራጭ፣ አሮጌ ብረት የሚሸጡ ሰዎች ግቢ ውስጥ ተጋድሞ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ታገኙታላችሁ። ራስ ምታቱ የሚጀምረው ከተገዛ በኋላ ነው። ግማሽ ሜትር የሚሰፋ፣ ግድግዳው 1 ሴንቲሜትር የሚደርስ ብረት በምን ይቆረጣል?

አንዱ በያጅ «በጋዝ ነው እንጂ» ይላችኋል። ሌላው «ግራይንደር እያለ ጋዝ ምን ያደርጋል» ይላል። ፕላዝማ የሚባለውን፣ በኤሌክትሪክና በታመቀ አየር የሚቆርጠውን ማሽን የገዛው ደግሞ ከፕላዝማው ውጪ ወሬ አይሰማም። ሁሉም የሚያወድሰው ያለውን መሣሪያ ነው፤ አይፈረድበትም። እናንተ ግን ሌላ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። ከእያንዳንዱ ቁርጥ በኋላ የምትፈልጉት አንዱን ወገን ብቻ ነው ወይስ ሁለቱንም?

የጭስ ማውጫውን ቀዳዳ ስታወጡ ክቡ ብረት ይጣላል። ጫፉ ቢሸራረፍ ማንም አያየውም፤ ብየዳ ይሸፍነዋል። በሩ ግን ከዚያው ከቱቦው ሆድ ነው የሚወጣው። የተቆረጠውም የቀረውም ያስፈልጋችኋል፤ ተመልሰውም መግጠም አለባቸው። መሃላቸው ላይ የጠፋው ብረት ሁሉ ኋላ ጭስ የሚያመልጥበት ክፍተት ነው። ስለዚህ «ለማጨሻ የሚሻለው መቁረጫ የቱ ነው?» ለሚለው አንድ መልስ የለም። ለበሩ አንድ፣ ለቀዳዳው ሌላ ነው።

መጀመሪያ ቱቦውን እወቁት

ባለ 20 ኢንች ቱቦ የውጭ ስፋቱ 508 ሚሊሜትር፣ ዙሪያው 1 ሜትር ከ60 ገደማ ነው። 1 ሜትር ከ20 ርዝመት ያለው ቁራጭ ግድግዳው 6 ሚሊሜትር ከሆነ 90 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 10 ሚሊሜትር ከሆነ 147 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። ይህ ያለ ክዳን፣ ያለ እሳት ሳጥን፣ ያለ እግር ነው።

ወፍራም ብረት ሙቀት ይይዛል፤ ለደሴ ብርድና ከጦሳ ተራራ ለሚወርደው ነፋስ ይህ ጥሩ ነው። ግን ልክ አለው። በእኔ አስተያየት ለቤት ማጨሻ 6 ሚሊሜትር በቂ ነው። ሥጋው የሚፈልገው 110 ወይም 120 ዲግሪ አካባቢ የሚቆይ ሙቀት ነው። 10 ሚሊሜትሩ እዚያ እስኪደርስ ብዙ ከሰል ይበላል፤ ለመቁረጥም ለማንሣትም ፈተና ነው። «እንደ ታንክ የጠነከረ» ለማለት ብቻ ወፍራም የሚገዛ ሰው አለ። የሚሸከሙለት ልጆች ይፍረዱት።

ከውፍረቱ በፊት ግን ምንነቱን አረጋግጡ። ብዙ የውሃ ቱቦ ብረት ይመስላል እንጂ የተጠቀለለ ሳይሆን ቀልጦ የፈሰሰ፣ ካስት አይረን የሚባለው ዓይነት ነው። እሱን በጋዝ እቆርጣለሁ ብላችሁ አትድከሙ፤ ይቀልጣል፣ ይዝረከረካል እንጂ አይቆረጥም። ብየዳም በቀላሉ አይቀበልም። በግራይንደር ነካ አድርጋችሁ ፍንጣሪውን እዩ። ተራው ብረት ረጅምና ደማቅ ፍንጣሪ ይረጫል። የካስቱ አጭርና ቀላ ያለ ነው። ውስጡ በሲሚንቶ የተለሰነውንም እለፉት፤ ሲሚንቶው በእሳት ሲመታ እየተፈናጠረ ይወጣል።

ነጭ ዚንክ የተለበሰ፣ ጋልቫናይዝድ የሚባለው ቱቦ ደግሞ ለምግብ ዕቃ አይሁን። ዚንኩ በ420 ዲግሪ ይቀልጣል፤ በ907 ዲግሪ ይተናል። የመቁረጫው ነበልባል ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ጭሱን የሳበ ሰው ማታ እንደ ወባ ሲያንቀጠቅጠው ያድራል። በየብየዳ ቤቱ «ወተት ጠጣበት» ይባላል። ወተት ክፉ ነገር አይደለም፤ ሳንባ ውስጥ የገባውን ጭስ ግን አያወጣም።

ጥቁር ሬንጅ የተቀባ ከሆነ በሚቆረጥበት መስመር ግራና ቀኝ ፋቁት። ነዳጅ ወይም ዘይት ሲሄድበት የኖረ፣ ይልቁንም ጫፉ የተደፈነ ቱቦ ወይም በርሜል ላይ እሳት አታስጠጉ። ባዶ የሚመስል ዕቃ ውስጥ የቀረ ትነት ፈንድቶ ሰው ይገድላል። አንድ ነገር ልጨምር። የሚሸጥላችሁን ሰው ደረሰኝ ጠይቁት። የውሃ ቱቦ የሕዝብ ንብረት ነው፤ ከየት እንደመጣ የማይነገርለት ቱቦ ኋላ ከሥጋው በላይ ያስጨሳል።

ግራይንደር

ለበሩ የምመርጠው ይህን ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ዲስኩ ቀጭን ነው። 1 ሚሊሜትር ዲስክ የሚበላው ብረት ከ1 ሚሊሜትር ብዙም አይዘልም። በሩ ወጥቶ ሲመለስ ክፍተቱ በጣም ጠባብ ይሆናል። ደግሞም የበሩ አራት ጎን በሙሉ ለዲስክ ይመቻል። በቱቦው ርዝመት የሚሄደው መስመር ቀጥ ያለ ነው። ዙሪያውን የሚሄደውም ቢሆን ቱቦውን እንደ ሙዝ ቀጥ አድርጎ የመቁረጥ ያህል ነው፤ ዲስኩ ሳይጣመም ይከተለዋል። የማይችለው ክብ ቀዳዳ ነው።

ድክመቱ ጊዜ ነው። 6 ሚሊሜትር ይሄዳል። 10 ሚሊሜትር ላይ ዲስክ በዲስክ ትተካላችሁ፤ ክንድም ይዝላል። ባንዴ በጥልቀት አትግፉት። መጀመሪያ መስመሩን ሙሉ በሙሉ ጭረት አድርጉት፤ ከዚያ እየተመላለሳችሁ አጥልቁት። እንዲህ ሲሆን ዲስኩ አይነክስም፤ መስመሩም አይሸሽም።

ማዕዘኑ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዲስክ ክብ ስለሆነ የውስጡን ግድግዳ ቆርጦ ለመጨረስ በውጭ በኩል ከምልክቱ ማለፍ ይፈልጋል። 10 ሚሊሜትር ብረት ላይ በትንሹ ዲስክ እንኳ ወደ 1 ሴንቲሜትር ያልፋል። አታሳልፉት። ምልክቱ ጋ አቁሙና የቀረችውን በሰጌቶ ጨርሱ። ሰጌቶ ለመላው ቱቦ ቅጣት ነው፤ ለማዕዘን ግን የሚተካው የለም።

አሁን ስለ አደጋው። ትንሹ ግራይንደር፣ ባለ 125 ሚሊሜትሩ፣ በደቂቃ 11,000 ገደማ ይዞራል። ትልቁ ባለ 230 ሚሊሜትር ዲስክ የሚፈቀድለት 6,600 ብቻ ነው። አንዳንድ ቤት መከላከያውን ነቅለው ትልቁን ዲስክ ትንሹ ማሽን ላይ ሲያስሩ ታያላችሁ። ያ ዲስክ ሲበተን የሚሄደው ወደ ፊት ወይም ወደ አንገት ነው። እንደዚህ የሚሠራ ቤት ካያችሁ ሥራችሁን ይዛችሁ ውጡ። ዲስኩ መሃል ባለው የብረት ቀለበት ላይ የአገልግሎት ማብቂያ ወርና ዓመት ይታተማል፤ ያለፈበትን አትግዙ። ዝናብ የነካውንም ተዉት። የባቲ ሰው ሽርጡን፣ የደሴ ሰው ጋቢውን አውልቆ ይቅረብ። የሚዞር ዕቃ ጨርቅ ይወዳል።

መብራቱስ? ትልቁ ግራይንደር ከ2,000 እስከ 2,600 ዋት ይጎትታል። ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ይግላል፤ ማሽኑም ጉልበት ያጣል። 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ተጠቀሙ፤ ጥቅልሉንም ሙሉ በሙሉ ፍቱት።

ጋዝ

ኦክስጅንና አሲታይሊን በየከተማው ያለ፣ የቆየ መንገድ ነው። ብረቱን እስኪቀላ ያግሉታል፤ ከዚያ የኦክስጅኑን ማንሻ ሲጫኑ ብረቱ ራሱ ይቃጠልና ይፈሳል። 10 ሚሊሜትር ብረት ለጋዝ ምኑም አይደለም። ጥሩ እጅ ያለው በያጅ በደቂቃ 30 ወይም 40 ሴንቲሜትር ይሄዳል። የቱቦው ሙሉ ዙሪያ በዚህ ሂሳብ 6 ደቂቃ አይፈጅም። መብራት ባይኖርም ይሠራል፤ በእኛ አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሚያስከፍለው ጥራት ነው። መስመሩ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ይሰፋል። እጁ ካልጸና ያወላግደዋል። ሙቀቱ ደግሞ ረጅሙን መስመር ያጣምመዋል፤ የበሩ ቁራጭ ወጥቶ ሲገጠም አንዱ ጫፍ ተነሥቶ ይቀራል። ከሥር የሚንጠለጠለው፣ ቀልጦ የረጋው ዝቃጭ በመሮና በግራይንደር መነሣት አለበት፤ ማጨሻ ውስጥ የቀረ ዝቃጭ አንድ ቀን ሥጋ ላይ ይራገፋል። ስለዚህ ጋዝን የምወደው ለሦስት ነገር ነው፦ የቱቦውን ጫፍ ለማስተካከል፣ የጭስ ማውጫውን ቀዳዳ ለማውጣት፣ የእሳት ሳጥኑ የሚገጠምበትን ትልቅ አፍ ለመክፈት። ሦስቱም በብየዳ ይሸፈናሉ።

በአሲታይሊን ፈንታ የማዕድ ቤቱን ጋዝ የሚጠቀሙም አሉ። ይቆርጣል። የመቁረጫው ጫፍ ግን ለእሱ የተሠራ መሆን አለበት፤ ብረቱን ለማጋልም ዘግየት ይላል። ሥራው ብዙ ሲሆን ግን ወጪው ይቀንሳል። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ከፈሰሰ መሬት ላይ ይተኛል። ጉድጓድና ምድር ቤት አጠገብ አይሁን።

በያጁ ጋ ቆማችሁ ልታዩ የሚገቡ ነገሮች አሉ። የአሲታይሊን ግፊት ከ1 ባር ማለፍ የለበትም፤ ከዚያ በላይ ራሱን ችሎ ሊፈነዳ ይችላል። የኦክስጅን ቦንቦላ መክፈቻ ላይ ዘይትና ግሪስ የነካ እጅ አይድረስ። አሲታይሊኑ ቆሞ ነው የሚሠራው። በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ተጋድሞ የመጣ ቦንቦላ ወዲያው አይከፈትም፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ እስኪረጋ ቆሞ ይቆይ። የፀሐይ መነጽር ደግሞ የብየዳ መነጽር አይደለም። ለጋዝ መቁረጫ ቁጥር 5 ጥቁረት ያለው ያስፈልጋል።

ፕላዝማ

ካገኛችሁት ሥራውን በሙሉ ለእሱ ስጡት። መስመሩ ከጋዙ ይጠባል፤ ሙቀቱ ብዙ አይሰፋም፤ በሩም ብዙ አይጣመምም። ክብ ቀዳዳ እንደ ቀጥታው ይሄድለታል። ካስቱንም የማይዝገውንም ብረት ይቆርጣል።

ችግሩ ምቾት መውደዱ ነው። ባለ 40 አምፔር ማሽን 5 ኪሎዋት አካባቢ ይጎትታል፤ አየሩን የሚያምቀው ኮምፕረሰር ሌላ ነው። በመኖሪያ ቤት ቆጣሪ ብሬከሩ እየዘለለ ያስቸግራል። አየሩ ደረቅ መሆን አለበት። በደሴ ክረምት፣ ጉሙ በር ላይ ሲቆም፣ ኮምፕረሰሩ ውሃ ያጠራቅማል፤ ውሃው የመቁረጫውን ጫፍ ቶሎ ይበላዋል። ማጣሪያ ከሌለው ቤት አትሂዱ። ማሽኑ ላይ የተጻፈውንም ከፍተኛ ውፍረት እንዳለ አትመኑት። ብዙ ጊዜ እሱ ቀዶ የሚለያይበት ልክ ነው፤ አሳምሮ የሚቆርጥበት ከዚያ ያንሳል። ለ10 ሚሊሜትር ቱቦ «እስከ 10» የሚል ማሽን አይበቃም።

ኤሌክትሮድና ሌላው

በብየዳ ማሽኑ ራሱ፣ አምፔሩን ከፍ አድርጎ በኤሌክትሮድ የሚቆርጥ በያጅ ሞልቷል። ቀዳዳ ይበሳል፣ ብረት ይለያያል፤ ጫፉ ግን አይጥ የበላው ነው። ለጭስ ማውጫ ቀዳዳ፣ ሌላ ከጠፋ፣ ይሁን። በሩን እንዲነካው ግን አትፍቀዱ። ትልቅ ዲስክ ያለው የጠረጴዛ መቁረጫ ለእግሮቹና ለጭስ ማውጫው ቀጭን ቱቦ አንደኛ ነው፤ ለዋናው ቱቦ ግን አፉ አይበቃም።

ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ?

በሁለቱ መሃል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ከ1,850 ሜትር አካባቢ ወደ 2,500 ሜትር አካባቢ መውጣት ነው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ባለ ሦስት ፌዝ መብራትና ፕላዝማ ያለው ብየዳ ቤት የማግኘት ዕድላችሁ እዚያ ይሰፋል። ቱቦውን ደሴ ገዝታችሁ ኮምቦልቻ ማውረድ ይቻላል። የሚሻለው ግን ቱቦውን እዚያው ገዝቶ፣ አስቆርጦ፣ የቀለለውን ይዞ መውጣት ነው። ለትራፊ ብረት የአይሱዙ ኪራይ አይከፈልም።

ደሴ ላይ በጄኔሬተር ልሥራ ለሚል ደግሞ አንድ ሂሳብ አለ። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። በደሴ ከፍታ ሩቡ ሄዷል ማለት ነው። 3 ኪሎዋት የሚል ጄኔሬተር ትልቁን ግራይንደር ሲያስነሣ ቢያቃስት አትገረሙ። ለፕላዝማ ጨርሶ አታስቡት።

ስንት ማጨሻ እንደሚቆረጥም አስቀድማችሁ ወስኑ። ወሎ ውስጥ ድግስ ያለ ጎረቤት አይሆንም፤ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ሥጋ ደግሞ ለየብቻ ነው። ለሁለቱም እንግዳ የየራሱን ድስት የሚያስቀምጥ ቤት፣ ማጨሻውንም እንደዚያው ሊያስብ ይችላል። 1 ሜትር ከ60 ርዝመት ያለው ቱቦ መሃሉ ተቆርጦ ሁለት ትንንሽ ይወጣዋል። ያ አንድ ተጨማሪ የዙሪያ ቁርጥና አንድ ተጨማሪ በር ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ከግራይንደር ይልቅ ለፕላዝማ ወይም ለጋዝ ያደላል።

በሩን ማውጣት

በምንም ቁረጡት፣ ቅደም ተከተሉ ላይ አትቻኮሉ። ቱቦ ሲጠቀለልና ሲበየድ ውስጡ የታመቀ ኃይል ይቀርበታል። ስትቆርጡት ያ ኃይል ይለቀቅና ቱቦው ትንሽ ይከፈታል፤ በሩም ቅርጹን ይለውጣል። በሩን ገንጥሎ አውጥቶ ኋላ ማጠፊያ የሚፈልግ ሰው ሲያስገባው አልገጥም የሚለው ለዚህ ነው።

ዙሪያውን ለማመልከት ጠርዙ ቀጥ ያለ ሰፊ ወረቀት ጠቅልሉበት፤ ጠርዝ ከጠርዝ ከገጠመ መስመሩ ልክ ነው። ለርዝመቱ አንግል ብረት ቱቦው ላይ አስተኙ። ራሱ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ በጠመኔ ጎኑን ተከተሉ። የቱቦው የራሱ የብየዳ ስፌት ከበሩ መስመር ራቅ ይበል።

ከዚያ ማጠፊያው የሚውልበትን የላይኛውን ረጅም መስመር ብቻ ቁረጡ። ማጠፊያዎቹን እዚያው አስበይዱ። አሁን ሦስቱን ጎን ቁረጡ፤ ማዕዘኖቹ ላይ ግን 2 ሴንቲሜትር ያህል ሳይቆረጥ ይቅር። የበሩን ጠርዝ የሚደርበውን ጠፍጣፋ ብረት በበሩ ላይ አስበይዱ። ማዕዘኖቹን መጨረሻ ላይ በሰጌቶ ልቀቁ። በሩ ተንቀሳቅሶ እንኳ ጠፍጣፋው ክፍተቱን ይሸፍነዋል።

የኔ ምርጫ እንግዲህ እንዲህ ነው። ቱቦው 6 ሚሊሜትር ከሆነና ግራይንደር የሚያውቅ ሰው ካለ፣ በሩ በግራይንደር፣ ቀዳዳዎቹ በጋዝ። 10 ሚሊሜትር ከሆነ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ፕላዝማ ፈልጉ። ፕላዝማ ከሌለና ያለው ጋዝ ብቻ ከሆነ፣ በሩንም በጋዝ አስቆርጡ፤ ግን አንግል ብረቱን መደገፊያ አድርጎ እንዲሄድ ጠይቁት፤ የሚደርበውን ጠፍጣፋ ብረትም ሰፋ አድርጉት።

ዋጋ ስትነጋገሩ በሰዓት አትዋዋሉ። ከጫፍ ማስተካከል እስከ ዝቃጭ ማንሣት ባንድ ዋጋ ይሁን። ዝቃጭ ማንሣቱን ሳትጠቅሱ ከተስማማችሁ «እሱ ሌላ ሥራ ነው፣ ጋሼ» መባሉ አይቀርም። ቤት ሲደርስ ውስጡን በሽቦ ብሩሽ ፈትጉ። ባዶውን፣ ሥጋ ሳይገባ፣ ጠንካራ እሳት አንድዱበትና ቀለሙና ዘይቱ ይቃጠል። ሲበርድ ጠርጋችሁ የምግብ ዘይት ቀቡትና እንደገና አሙቁት። ለጭሱ ወይራ አለላችሁ። ጽድና ባህር ዛፍ ግን ለጣውላቸው ይቆዩ፤ ዘይታቸው ሥጋውን ያመርረዋል።